ቆሞ የሚሠራ መኪና



እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ፒካፕ ቆማለች። ርዝመቷ አንድ ስንዝር ያህል ነው። ከፕላስቲክ የተሠራች፣ ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ ያነሰች ሞዴል ናት። ሞተር የላትም፣ በሪሞት አትሄድም፤ ሥራዋ መታየት ብቻ ነው። አጠገቧ ያሉት አራት ጎማዎች የእሷ አይደሉም፤ ከሌላ ትልቅ መኪና ሞዴል የመጡ ናቸው። ከፍ ከማድረጌ በፊት አንዱን አንሥቼ ፓራፋንጎዋ ሥር ልከተው ሞክሬ ነበር። አልገባም። ከላይ ጠርዙን ገፋ፣ ከፊት ፓራውልቱን ነካ። እነዚህ ጎማዎች እንዲገቡላት መኪናዋ ከፍ ማለት ነበረባት። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ከዚህች ጥያቄ የሚመዘዝ ነው፤ ለዕይታ የቆመ መኪና ከልኩ በላይ ለሆነ ጎማ የሚነሣው እንዴት ነው? መነሣት ያለበትስ ከየት ላይ ነው?

ብዙ ሰው ይህ ቀላል ነገር ይመስለዋል። «የማይሄድ መኪና አይደል? እንጨትም ድንጋይም ሥሩ ከትቶ ማቆም ነው» የሚል ሰው በሙያ ዘመኔ ሁሉ ገጥሞኛል። እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማምነው። የሚሄድ መኪና ክብደቱን ያፈራርቃል፤ ሲያቆለቁል ወደ ፊት፣ ሽቅብ ሲወጣ ወደ ኋላ፣ ሲታጠፍ ወደ ጎን ይጥላል። ማታ ጭነቱን አራግፎ ያድራል። ለዕይታ የቆመ መኪና ግን ያንኑ ሸክም፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው አቅጣጫ፣ ሌት ከቀን ይሸከማል። ተረኛ የለውም። ስለዚህ ቆሞ መዋል ሥራ ነው፤ ያውም እረፍት የሌለው ሥራ። መኪናን ለዕይታ ከፍ የሚያደርግ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ሸክሙ በየት በኩል አልፎ መሬት እንደሚደርስ ነው።

እንግዲህ ከልኬት እንጀምር። ልኬቱን ሳይዝ ብየዳ የሚጀምር ሰው ሁለት ጊዜ ይበይዳል።

አንድ ፒካፕ እንውሰድ። የፋብሪካው ጎማ ቁመት 75 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ልንገጥምለት የፈለግነው 105 ሳንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱ 30 ሳንቲ ሜትር። አክስሉ በጎማው መሃል ስለሚያልፍ፣ ከዚህ 30 ውስጥ 15ቱ ከአክስሉ በታች ይውላል፣ 15ቱ ከአክስሉ በላይ። የታችኛው 15 አክስሉን ከመሬት ያነሣዋል፤ አክስሉ ሲነሣ መኪናው በሙሉ አብሮ ይነሣል። እዚህ ድረስ ደስ ይላል፤ ጎማው ያለ ምንም ድካም ከፍታ ሰጠን። የላይኛው 15ስ? እሱ ወደ ፓራፋንጎው ወጣ። በፊት በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል 12 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ከነበረ፣ አሁን ጎማው ክፍተቱን ጨርሶ 3 ሳንቲ ሜትር ላሜራው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በእጃችን ያለችው ትንሿ ፒካፕ ጎማውን እምቢ ያለችው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ከፍታ አለ። አንዱ አክስሉ ከመሬት የሚኖረው ከፍታ ነው፤ እሱን የሚሰጠው ጎማው ብቻ ነው። ሌላው አካሉ ከአክስሉ የሚኖረው ከፍታ ነው፤ እሱን የሚሰጠው ባሌስትራው ወይም ሞላው ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ሥራው ይበላሽበታል። የቀድሞውን 12 ሳንቲ ሜትር ክፍተት መመለስ ከፈለግን አካሉን ከአክስሉ 15 ሳንቲ ሜትር ማንሣት አለብን። ከጎማው ያገኘነው 15፣ ከባሌስትራው የምንጨምረው 15፤ ድምሩ 30። ማለትም የመኪናው ጣሪያ ከመሬት የሚርቀው በሁለቱ ጎማዎች ቁመት ልዩነት ልክ ነው። ይህን አስታውሱት፤ የማሳያ አዳራሹ በር ዝቅ ያለ ከሆነ መኪናው ሳይነካ በፊት ልታውቁት ይገባል። መሬት የነካው የጎማ ክፍል በክብደቱ ጥቂት ስለሚጨፈለቅ በተግባር ከዚህ ያነሰ ታገኛላችሁ፤ ጎማውን ከመግጠማችሁ በፊት ሳይሆን አየሩን ሞልታችሁ፣ ክብደት አሳርፋችሁ ለኩት።

«መኪናው የማይሄድ ከሆነ 12 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ለምን አስፈለገ? 3 ይበቃዋል» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። እውነት ነው፣ ለመቆም 3 ይበቃል። እኔ ግን አልስማማም። መኪና ያየ ዓይን ያ ባዶ ቦታ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገጥመው የሚወጣበት መንገድ ነው። ክፍተቱን ያጠፋ ማሳያ ሥዕል እንጂ መኪና አይመስልም። ለዕይታ የቆመ መኪና ሰው ፊት የሚናገረው «እኔ መሄድ እችላለሁ» የሚል ነገር ነው፤ ያ ንግግር ሐሰት እንዳይሆን እፈልጋለሁ።

ባሌስትራ ስል፣ ሞላ ስል፣ ፓራፋንጎ ስል አንዳችሁም ግራ አልተጋባችሁም። እነዚህ ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ክሪኩም፣ ቡሎኑም፣ ዳዶውም፣ ሞርሳውም፣ ካምቢዮውም እንደዚያው። አባቶቻችን መኪናውን ከመኪናው ቋንቋ ጋር ተቀብለው፣ አፋቸው እንዳመቸው ገርተው የራሳቸው አደረጉት። ዛሬ ስለ መኪና ማሻሻል የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በእንግሊዝኛ ነው፤ ወጣቶች እሱን እያነበቡ የጋራዡን ቃል እንደ ኋላ ቀር ሲቆጥሩት አያለሁ። አትቁጠሩት። ባሌስትራ የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሰው ባሌስትራውን በእጁ ነክቶ ነው የተማረው።

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልውሰዳችሁ፤ ቦታው አሜሪካ፣ ሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ ነው። ቦብ ቻንድለር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ፎርድ ኤፍ 250 ፒካፕ ነበረው። የባለ አራት ጎማ ተሽከርካሪዎች መለዋወጫና ጥገና ሱቅ ከፍቶ፣ የራሱን መኪና እንደ ማስታወቂያ ይጠቀምባት ነበር። መኪናዋን በሱቁ ዕቃ እያሻሻለ ትልልቅ ጎማ ይገጥምላታል፤ ጎማው ሲከብድ አክስሉ ይሰበራል፤ ከበድ ያለ አክስል ያስገባል፤ አክስሉ ሲጠነክር ደግሞ የበለጠ ትልቅ ጎማ ያምረዋል። ነዳጅ ላይ የሚጭነው እግሩ ከባድ ነው እየተባለ ይታማ ስለነበር መኪናዋ «ቢግፉት» ተባለች፤ ትልቅ እግር ማለት ነው። መጀመሪያ የታወቀችበት ጎማ ቁመቱ 1 ሜትር ከ22 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 አሮጌ መኪኖች ላይ ወጥታ ስትጨፈልቃቸው በቪዲዮ ተቀረጸች፤ ሞንስተር ትራክ የሚባለው ትርኢት ከዚያ በኋላ ነው የተስፋፋው። ተከታይዋ ቢግፉት 2 እ.ኤ.አ. በ1982 ስትመጣ ጎማዋ 1 ሜትር ከ68 ደረሰ፤ ለእርሻ ማዳበሪያ መበተኛ ማሽን የተሠራ ጎማ ነበር። ማዳበሪያ መበተኛ ለስላሳ ማሳ ላይ እንዳይሰምጥ ሰፊ ጎማ ያስፈልገዋል፤ ያ የገበሬ ጎማ የትርኢት ጎማ ሆነ።

የእኛን ጉዳይ የሚነካው ግን ቢግፉት 5 ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በጋ ተሠራ። ጎማው 3 ሜትር ይቆማል። ቁመቱ 4 ሜትር ከ70፣ ክብደቱ 17,236 ኪሎ ግራም ተብሎ በጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብ ሰፍሯል። ከአንድ ረጅም ሰው አናት በላይ አንድ ሜትር ጨምሩበት፤ ያ ጎማው ብቻ ነው። ከጠቅላላ ቁመቱ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ጎማ ነው ማለት ነው። ጎማዎቹን ለቢግፉት ብሎ የሠራቸው ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካ ጦር በአላስካ በረዶ ላይ ዕቃ ለማጓጓዝ ከሚጠቀምበት፣ ሌቶርኖ የሚባለው ኩባንያ ከሠራው «የምድር ባቡር» የመጡ የፋየርስቶን ጎማዎች ናቸው። ሐዲድ የሌለው ባቡር ነው፤ ፉርጎዎቹ በጎማ ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱ ጎማ ውስጥ የራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ። ኩባንያው በኋላ የሠራው ትልቁ ባቡር 54 ጎማ ነበረው፤ የፊት መሪ ክፍሉ ዛሬ በአሪዞና ግዛት ዩማ ከተማ አጠገብ ቆሞ ይታያል። የአላስካው ባቡር ሥራ ሲያበቃ ጎማዎቹ ተጥለው ነበር፤ ቻንድለር ገዝቶ ፎርዱን አወጣበት።

ቢግፉት 5 ከሌሎቹ ወንድሞቹ የሚለየው በምን መሰላችሁ? ሌሎቹ ዘለሉ፣ ተሽቀዳደሙ። እ.ኤ.አ. በ1989 የመጣው ቢግፉት 8 ሻንሲው ከቱቦ ተበይዶ፣ የናይትሮጅን ሾክ አብዞርበር ተገጥሞለት፣ ለመዝለል ነው የተሠራው። ቢግፉት 5 ግን አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ የሚታይ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ወደ ትርኢት ይወጣል። ሰው አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አንደኛው ለሩጫ፣ አንደኛው ለመቆም ሆነ። ሁለቱንም ከፍ ያደረጋቸው ሰው ያው ነው፤ የከፍታው ዓላማ ግን ሰማይና ምድር ነው። የሚዘለው መኪና አካሉ ከአክስሉ የሚርቀው ሲያርፍ የሚወርድበት ቦታ እንዲያገኝ ነው። የሚቆመው የሚርቀው ጎማው እንዲገባና ሸክሙ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ነው።

አሁን ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ስነግራችሁ ዛሬም ደረቴ ይከብደኛል።

ገና ወጣት በያጅ ሳለሁ አንድ ጎማ ነጋዴ ሱቁ በር ላይ የሚያቆመው አሮጌ ፒካፕ ከፍ እንዳደርግለት አዘዘኝ። ጎማዎቹ ከመንገድ ሥራ ማሽን የወረዱ ነበሩ። ለበዓል እንዲደርስ ይፈልጋል። ባሌስትራውን መንካት ጊዜ ይፈጃል ብዬ፣ ሻንሲውንና አካሉን የሚያያይዙትን ቡሎኖች ፈትቼ፣ በመካከላቸው የባሕር ዛፍ እንጨት አስገባሁ፤ ረዣዥም ቡሎን አሳልፌ አጠበቅሁ። ወሩ ነሐሴ ነበር። እንጨቱ ገና ርጥብ ነው። መኪናው ቆሞ ሲታይ ያምራል፤ ለእንቁጣጣሽ ደረሰ፤ ነጋዴውም ደስ አለው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ፀሐዩ ሲጠና እንጨቱ ደረቀ፣ ደርቆም ኮሰመነ፣ ጥብቅ የነበሩት ዳዶዎች ላሉ። አንድ ጠዋት ዘበኛው አስጠራኝ። አካሉ በሻንሲው ላይ ወደ ግራ ተንሸራትቶ ፓራፋንጎው ጎማው ላይ ተኝቷል። ሌሊት ስለሆነ ሰው አልተጎዳም። ግን በዚያው በር ላይ ከሰዓት በኋላ ሊስትሮ ልጆች መኪናው ጥላ ሥር ይቀመጡ ነበር። ያቺን ጥላ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ያኔ ያጠፋሁት ሁለት ነገር ነው። ከፍታውን ያስገባሁት ሸክሙ ለማለፍ ባልተሠራበት ቦታ ነው። ደግሞም የሚለዋወጥ ነገር፣ ርጥብ እንጨት፣ የማይለዋወጥ ሸክም ሥር አስቀመጥሁ። መኪናው አለመሄዱ ደኅንነት መሰለኝ፤ አለመሄዱ ያደረገው ነገር ቢኖር ጥፋቱ በሦስት ወር ቀስ ብሎ እንዲመጣ ነው።

ታዲያ ትክክለኛው ቦታ የት ነው? ባሌስትራ ያለው መኪና ከሆነ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ነው። የድሮውን ላንድክሩዘር የምታውቁ፣ ባሌስትራው ከአክስሉ ሥር ነው የሚያልፈው። ያንን ባሌስትራ አውጥታችሁ ከአክስሉ በላይ ብታስቀምጡት፣ መኪናው በአክስሉ ቱቦ ውፍረትና በባሌስትራው ድርድር ውፍረት ድምር ያህል ከፍ ይላል። ቱቦው 8፣ የባሌስትራው ድርድር 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 12 ሳንቲ ሜትር አገኛችሁ፤ አንድም ትርፍ ብረት ሳትጨምሩ። የሚያስፈልገው ባሌስትራው የሚቀመጥበትን መቀመጫ ከአክስሉ በላይ በጥንቃቄ መበየድ ነው። ሸክሙ አሁንም በቀድሞ መንገዱ ይወርዳል፤ ከሻንሲ ወደ ባሌስትራ፣ ከባሌስትራ ወደ አክስል፣ ከአክስል ወደ ጎማ። እኔ ከሁሉም መንገድ ይህንን እወዳለሁ።

ባሌስትራው መጀመሪያውኑ ከላይ የሆነ መኪና ደግሞ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የብረት ጉማጅ ይገባበታል፤ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፉ ቡሎኖችም በዚያው ልክ ይረዝማሉ። ይህን ሳስተምር አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ፤ በመንገድ ላይ በሚሄድ መኪና የፊት አክስል ላይ እንዲህ ያለ ጉማጅ አይደረግም። ፍሬን ሲያዝ አክስሉ ሊዞር ይታገላል፣ ጉማጁ ደግሞ ክንዱን ያረዝምለታል፤ ተፈናቅሎ ሊወጣ ይችላል። ለዕይታ በቆመ መኪና ፍሬን የሚይዝ ስለሌለ ይህ ጉልበት የለም። ግን መኪናው ለዘላለም ይቆማል ያለው ማነው? ነገ ሌላ ሰው ይገዛዋል፣ ሞተሩን ያስነሣል፣ እኔ ለመቆም ብዬ ያነሣሁትን እሱ ወደ ጎዳና ይነዳዋል። ስለዚህ ለዕይታ ብቻ የተነሣ መኪና ላይ፣ ኮፈኑ ሥርና መሪው ላይ፣ «ይህ መኪና ለመንዳት አልተዘጋጀም» ተብሎ በቀለም መጻፍ አለበት። በሠራሁት ሁሉ ላይ እጽፋለሁ። ደንበኛ ሲያማርር «መልኩን አበላሸህብኝ» ይለኛል፤ አላጠፋውም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ትልቅ ጎማ ይከብዳል፣ ስለዚህ ባሌስትራውን ይጫነዋል ብሎ የሚሰጋ አለ። አይጫነውም። የጎማና የአክስል ክብደት በቀጥታ መሬት ላይ ነው የሚያርፈው፤ ባሌስትራው የሚሸከመው ከበላዩ ያለውን ብቻ ነው። ሥጋቱ እውነት የሚሆነው መኪናውን ሻንሲው ላይ በድጋፍ ስታቆሙት ነው። ያኔ ጎማው አየር ላይ ይቀራል፣ ከነአክስሉ በባሌስትራው ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ክፍተቱም ከልክ በላይ ይሰፋል። የጎማው ጎማነት፣ የመኪናውም ቁመና ይጠፋል። ስለዚህ ጎማው በመቆም ብዛት አንድ ቦታ እንዳይጨፈለቅ ድጋፍ ማድረግ ከፈለጋችሁ፣ ደግሞም ልትፈልጉ ይገባል፣ ድጋፉን ከአክስሉ ሥር አድርጉት። ጎማው መሬቱን በጥቂቱ ነክቶ ይቆማል፣ ሸክሙን ግን ብረቱ ይወስደዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ጎማ ትሰነጥቃለች። ሸክም የሌለበት ጎማ ቢሰነጠቅ መልኩ ብቻ ነው የሚጠፋው፤ ሸክም ያለበት ሲሰነጠቅ መኪናው አብሮት ይወርዳል።

ከፍታ ሌላም ዋጋ ያስከፍላል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት 150 ሳንቲ ሜትር፣ የስበት ማዕከሉ ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ መኪና ወደ ጎን ለመገልበጥ 47 ዲግሪ ያህል ማዘንበል አለበት። ማዕከሉን ወደ 100 ሳንቲ ሜትር ብታወጡት 37 ዲግሪ ይበቃዋል። ለቆመ መኪና 37 ዲግሪ ብዙ ነው ትሉ ይሆናል። መድረኩ ላይ ሲወጣ፣ ከጭነት መኪና ላይ ሲወርድ፣ አንድ ጎኑ ያለበት መሬት በዝናብ ሲሰምጥ ግን ያ የጠፋው 10 ዲግሪ ይናፍቃችኋል። መፍትሔው ሰፋ ያለ ቸርኬ ገጥሞ ጎማዎቹን ማራራቅ ነው። ወደ ላይ የወጣ ነገር ወደ ጎንም መስፋት አለበት።

የባሌስትራው ብረት ለዓመታት ተጭኖ ሲኖር ይደክማል፤ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ይህን ለመከላከል ሾክ አብዞርበሩን አውጥቶ በቦታው በልኩ የተቆረጠ የብረት ቱቦ መግጠም ይቻላል፤ ያኔ መኪናው በዚያ ከፍታ ላይ ይቆለፋል። እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል፤ በአራቱም ጎማ የተቆለፈ መኪና አዲስ ችግር ያመጣል።

እናቶቻችን ጉልቻን ሦስት ያደረጉት ለምን ይመስላችኋል? ሦስት ድንጋይ መሬቱ ቢጎረብጥም አይወዛወዝም፤ ድስቱ በሦስቱም ላይ ያርፋል። አራተኛ ድንጋይ ብትጨምሩ፣ አራቱም በፍጹም እኩል ካልሆኑ፣ አንዱ ሥራ ፈት ይሆናል፣ ድስቱም ይንቀጫቀጫል። መኪና አራት እግር አለው። የባሌስትራ ውለታ፣ ብዙ ጊዜ የማናመሰግነው፣ አራተኛውን እግር መሬት ማስነካቱ ነው፤ አንዱ ሲጎድል እሱ ይዘረጋል፣ አንዱ ሲተርፍ ይታጠፋል። ባሌስትራውን የቆለፈ ሰው ይህን ሥራ ከባሌስትራው ተቀብሎ በራሱ እጅ መሥራት አለበት። ወለሉ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢዛነፍ፣ ከአራቱ ጎማ አንዱ አየር ላይ ይቀራል፣ የእሱ ሸክም ወደ ሌሎቹ ይሄዳል፣ ሻንሲውም ይጠመዘዛል። ስለዚህ እኔ የኋላውን ብቻ እቆልፋለሁ፤ የፊቱ በባሌስትራው እንዲተነፍስ እተወዋለሁ።

አሁን ወደ ትንሿ ልመለስ። ሞዴል መኪና የእውነተኛዋ ታናሽ እኅት ናት፤ ግን ሸክሟ በተለየ ሕግ ነው የሚታየው። ልኬት 24 ጊዜ ሲቀንስ ክብደት በ24 ብቻ አይቀንስም፤ ርዝመቱም ስፋቱም ቁመቱም ስለሚቀንስ 13,824 ጊዜ ይቀንሳል። ሸክሙን የሚይዘው፣ አክስሉ ሲቆረጥ የሚታየው ፊት ስፋት ደግሞ 576 ጊዜ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ ከአንድ ዓይነት ነገር ቢሠሩ እንኳ በትንሿ አክስል ላይ ያለው ጫና ከእውነተኛው 24 ጊዜ ያነሰ ነው። እውነተኛ መኪና በፕላስቲክ አክስል አይቆምም፤ ይህቺ ግን ትቆማለች። ለዚህ ነው ሞዴል ሠሪ እውነተኛው ጋራዥ የማይፈቅድለትን ነገር ማድረግ የሚችለው። ያ ነፃነት ግን ልኬቱን አይሰርዝለትም። ቅድም ያልናቸው 30 ሳንቲ ሜትር እዚህ 12 ሚሊ ሜትር ተኩል ናቸው፤ 15ቱ ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ከሩብ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ስሕተት በእውነተኛው መኪና ላይ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዓይን በግልጽ ያየዋል።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ከባሌስትራዋ ሥር 6 ሚሊ ሜትር ከሩብ የሆነ የፕላስቲክ ጉማጅ አስገባሁ፤ ቁመቱን በሞረድ አስተካከልሁ። የሞዴል ማጣበቂያ ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያያይዘው፤ ስለዚህ ጥቂት ብቻ፣ ከዚያ ለአንድ ቀን ሳይነኩ መተው። ጉማጁ ብቻውን በማጣበቂያ እንዲኖር አልተውሁትም፤ በቀጭን መሰርሰሪያ ከባሌስትራው እስከ አክስሉ ቀድጄ ቀጭን የብረት ሽቦ አሳለፍሁበት። ሽቦው ጉማጁ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ከካምቢዮዋ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግም አሁን አጭር ሆኖባታል፤ አክስሉ ርቋልና። ዘንጉን ቆርጬ በረዘመ ቀየርሁት። ከሥሯ ማንም አያያትም ትሉ ይሆናል፤ ገልብጦ የሚያያት ልጅ ግን ሁልጊዜ አለ።

ጎማዎቿን በተመለከተ አንድ ምክር። የድሮ ሞዴሎች ለስላሳ ጎማ ከውስጡ ዘይት የመሰለ ማለስለሻ ያወጣል፤ ያ ማለስለሻ ፕላስቲክ ቸርኬውን በዓመታት ቀስ ብሎ ያቀልጠዋል። ሣጥን ውስጥ አስቀምጣችሁት ስትከፍቱ ቸርኬው ጎማው ውስጥ ተጣብቆ፣ ተቦርቡሮ ታገኙታላችሁ። በመካከላቸው ቀጭን የአሉሚኒየም ወረቀት አድርጉ። ይህም ያው የቆመ ነገር ሥራ ነው፤ ማንም ሳይነካው ሣጥን ውስጥ እየሠራ ነበር።

አብዛኞቻችን የመጀመሪያዋን መኪናችንን የሠራነው ከሽቦ፣ ከጣሳና ከቆርኪ ነው። ያኔ ቆርኪው ሲያንስብን የትልቅ ቆርቆሮ ክዳን ገጥመን መኪናችን ሲሰቀል፣ ሽቦውን አጥፈን ወደ ላይ አንሥተናል። ያ እጅ ዛሬም የእናንተ ነው፤ የጨመርንለት መለኪያውን ብቻ ነው።

አሁን ተማሪዎች ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ። ጎማዎቹን ገጥሜላታለሁ፤ አሁን ይገባሉ። ወረቀት ያዙና ከእያንዳንዱ ጎማ ሥር ለማሳለፍ ሞክሩ። በሦስቱ አያልፍም። በአንዱ ያልፋል፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር አጉድዬ ሆን ብዬ የተውሁት ነው። የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ያገኘ፣ ጉማጁንና ሞረዱን እዚህ ያገኛል፤ እሱ ራሱ ያስተካክላት።